ብራንዱን ሳይሆን ሞዴሉን እዩ
የላፕቶፕ ብራንዶችን የሚያወዳድረው ጽሑፍ ዴልን፣ ኤችፒንና ሌኖቮን በጅምላ ማወዳደሩ ብዙም አልተዋጠልኝም። በአንድ ብራንድ ውስጥ እንኳ የሰማይና የምድር ልዩነት አለ። ላቲትዩድና ኢንስፓይሮን ሁለቱም ዴል ናቸው፤ ግን አንዱ ለቢሮ፣ ሌላው ለቤት የተሠራ ነው። የሌኖቮዎቹ ቲንክፓድና አይዲያፓድም እንደዚያው።

እኔ መጀመሪያ የማየው ስክሪኑ የሚታጠፍበትን ቦታ ነው። ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ ውስጥ የተቀበረ ትንሽ የብረት ቀለበት ነው። ማጠፊያው ሲጠነክር ቀለበቱ ተነቅሎ ይወጣል፣ ፕላስቲኩም ይሰነጠቃል።

ሦስቱም ብራንዶች የብዙ ሞዴሎቻቸውን የመፍቻ መመሪያ (ላፕቶፑ እንዴት እንደሚፈታና ዕቃው እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳይ) በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይለቃሉ። ጽሑፉ ይህን ዘሎታል! አዲሶቹ የአፕል ማክቡኮች ግን ራማቸው (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታቸው) አይቀየርም፤ አንዳንድ ስስ ቲንክፓዶችም ይህን አመል ይዘዋል። እነሱን የምትገዙ ከሆነ በቂ ራም ያለውን ከመጀመሪያው ግዙ።