የባክቴሪያ ቅርጽ ሕይወቱን ያተርፋል ወይስ አጃቢ ነው?

ሁለቱም የሀዋሳ ልጆች ናቸው። አንዷ ባዮሎጂ ታስተምራለች፣ አንዱ ላብራቶሪ ይሠራል። ባክቴሪያ በአንድ አካባቢ ተርፎ የሚኖረው ቅርጹ ስለረዳው ነው ወይ በሚለው አልተስማሙም።

መምህርቷ፦
አዎ፣ ቅርጹ ረድቶታል። የጨጓራ ባክቴሪያን እንይ፣ ኤች ፓይሎሪን። ጠመዝማዛ ነው፤ እንደ ብሎን እየዞረ የጨጓራን ዝልግልግ ሽፋን ሰርስሮ ይገባል። ጠመዝማዛ የሚያደርጉትን ጂኖች ሲያጠፉበት በአይጥ ጨጓራ ውስጥ መደላደል ከብዶታል። ሌላው ምግብ ነው። ባክቴሪያ አፍ ስለሌለው ምግቡን የሚያስገባው በገላው ዙሪያ ነው፤ ቀጭንና ረጅም ሲሆን ከድቡልቡሉ ይልቅ ለያዘው ይዘት ሰፊ ገላ ይኖረዋል። ካውሎባክተር የሚባለው የውኃ ባክቴሪያ ፎስፌት የሚባለው ምግቡ ሲያጥረው ከገላው የወጣውን ቀጭን ዘንግ የሚያረዝመው ለዚህ ይመስለኛል።

ባለሙያው፦
እህቴ፣ ኤች ፓይሎሪን ባታነሺው ይሻልሽ ነበር። ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚቀይረውን ዩሪኤዝ ኢንዛይም ካጣ፣ ቅርጹ ምንም ቢሆን ጨጓራ ውስጥ አይሰነብትም። ዝልግልጉ በአሲድ ሲረጋ ጠመዝማዛውም ባክቴሪያ ተይዞ ይቀራል። አሞኒያው አሲዱን ሲያበርድ ነው የሚላላውና መንገድ የሚከፈተው። ኬሚስትሪው ይቀድማል።

ማይክሮስኮፕ ላይ የማየውን ልንገርሽ። የጨብጥ ባክቴሪያ ክብ ነው፣ ስታፍ ኦሬየስም ክብ ነው። የመጀመሪያው ከሰውነት ወጥቶ ሲደርቅ ቶሎ ይሞታል፤ ሁለተኛው ደረቅ ጨርቅ ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ወሳኙ ቅርጽ ቢሆን ሁለቱን ምን ለያያቸው? የአባ ሰንጋ ባክቴሪያም አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የሚቆየው ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የሚያንቀላፋ ሴል፣ ስለሚሠራ ነው። ከኛ ብዙም የማይርቀውን ጭቱ ሐይቅንም አስቢው። ፍላሚንጎዎቹ የሚበሉት ስፓይሩሊና የሚባለው ባክቴሪያ ጥምዝምዝ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሲያራቡት ግን አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ እንዲያም ሆኖ ይባዛል። ጭቱ ላይ ያነገሠው ያን ሁሉ ሶዳ መቻሉ ነው።

መምህርቷ፦
ላብራቶሪ ውስጥማ ማን ይበላዋል? ሐይቅ ውስጥ ባክቴሪያ የሚውጡ ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት ሞልተዋል፣ እነሱም የሚውጡት መጠናቸው የሚችለውን ነው፤ ክር ሆኖ የረዘመውን ብዙዎቹ አይችሉትም። ደረቅ ጨርቅ ላይ ቅርጽ ብዙም አይሠራም፣ እሺ። አንተ ግን ከዚያ ተነስተህ ሁሉንም ቦታ ጠቀለልከው። የሽንት ናሙና ስታይ ኢ ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ታገኛለህ አይደል? ፊኛ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ሲመጡበት የተወሰነው መከፋፈሉን አቁሞ ይረዝማል፤ ሊውጡት ይቸገራሉ።

ባለሙያው፦
የሚረዝመው እኮ ዲኤንኤው ሲጎዳ ነው። እስኪጠገን ድረስ ሱልኤ የሚባል ፕሮቲን መከፋፈሉን ያስቆመዋል። ርዝመቱ አብሮ የመጣ ነገር ነው።

መምህርቷ፦
እሱም ተሞክሯል። የሱልኤ ጂን የወጣለት ኢ ኮላይ መከላከያቸው ደህና በሆነ አይጦች ፊኛ ውስጥ መቆየት አቃተው። ባክቴሪያ መግባቱን የሚያሳውቀው የመከላከያ ክፍል በጎደላቸው አይጦች ውስጥ ግን፣ ያው ጂኑ የሌለው ባክቴሪያ ቆየ። ርዝመቱ እንዲሁ አብሮ የመጣ ከሆነ፣ መከላከያው ሲነሳበት ብቻ ለምን አስፈለገው?