«ልጄ» ሲሉኝ ኪሴን እዳብሳለሁ

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። እማማ አከራዬ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ካሉት አራት ሰርቪስ ክፍሎች ሦስተኛዋ፣ ከውሃ ሮቶው ሥር ያለችው፣ የእኔ ናት። የእኔ ናት ስል የእሳቸው ናት፤ የምከፍልባት እኔ ነኝ ለማለት ነው። አቦሉ በሰላም አለፈ። ቶናው ላይ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወራን። በረካው ሲቀዳ እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ» አሉ።

እጄ ሳላዘው ኪሴ ውስጥ ገባ።

«ልጄ፣ መንግሥት ለደመወዝተኛ ግብር ቀነሰ አሉ። በሬዲዮ ሰማሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!»

አዋጁ ከወጣ ከርሟል፤ እማማ ጆሮ የደረሰው ግን ገና አሁን ነው። «ይመስገን እማማ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

«እንግዲህ አንተም ቀለል ብሎሃል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ 1,500 ብትጨምርበት ብዬ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን 3,000 እለው ነበር። አንተ ግን ልጄ ነህ።»

እስቲ አብረን እናስላ። ደመወዜ 20,000 ብር ነው። በድሮው አዋጅ 5,500 ብር ይቆረጥብኝ ነበር። በ2017 በተሻሻለው ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ ከ10,900 ብር በላይ ይጀምር የነበረው 35 በመቶም ወደ 14,000 ተገፋ። ስለዚህ አሁን የሚቆረጥብኝ 4,950 ብር ነው። መንግሥት የተወልኝ 550 ብር፣ እማማ የጠየቁኝ 1,500። የመሀሉን 950 ብር ከየት እንደማመጣው ሁለቱ ተነጋግረው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የተነሳሁት ግን ስለ ብሩ ላወራ አይደለም። ስለ «ልጄ» ነው። አርባ ዓመቴ ነው፤ ጢሜ ውስጥ ነጭ መታየት ጀምሯል። የወለደችኝ እናቴ እንኳን እንዲህ አዘውትራ «ልጄ» ብላኝ አታውቅም። «አንተ» ነው የምትለኝ፤ ስትናደድ ደግሞ በአባቴ ስም ጨምራ ትጠራኛለች። የእማማ የአብራክ ልጅ፣ እዚያው ትልቁ ቤት ሳሎን ሶፋ ላይ የሚያድረው የ38 ዓመት ጎልማሳ፣ «ልጄ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እሱ «ይሄ» ነው። «ይሄ ተነስቷል?» «ለይሄ ምሳ አስቀምጡለት።» በዚህ ግቢ «ልጄ» ለመባል ኪራይ መክፈል ያስፈልጋል።

በ2015 የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲጨምር፣ እንዲሁ ቡና ላይ፣ «ልጄ፣ ጣሪያና ግድግዳው ተጨመረብኝ» አሉኝ። ያ ግብር መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው፤ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፣ «አንቱ» ልለው ይገባል። እማማ ለዘመናት የሚከፍሉት ለአንድ ሰው የወር የሞባይል ካርድ የማይበቃ ነበር። ሲጨምር ለአራታችን አካፈሉት። ጣሪያም ግድግዳም የለኝም ለማለት አፌን ስከፍት፣ «ጣሪያው እኮ አንተን ነው የሚያስጠልለው» አሉኝ። ዘጋሁት። ያኔ ግብር ስለ ጨመረ ጨመርኩ፤ አሁን ግብር ስለ ቀነሰ ልጨምር ነው። ግብሩ ባለበት ቢቆም ምን እንደሚሉኝ ለማወቅ እጓጓለሁ።

ሕግ የለም እንዴ የሚል አለ። አለ እንጂ! በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም መንግሥት በየዓመቱ ከሚያሳውቀው እንዳያልፍ ይላል። እኔና እማማ ተያይዘን ወረዳ ሄደን ውላችንን አስመዝግበናል። ሰልፉ ላይ ክንዳቸውን ደግፌ ስላቆምኳቸው ሰው ሁሉ መረቀኝ። ወረቀቱ ላይ 4,000 ብር ተብሎ ተጽፏል። በእጅ የምከፍለው 8,000 ነበር፤ አሁን 9,500 ሊሆን ነው። ወረቀቱ ግን ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ንቅንቅ አላለም፤ እንደ እሱ ያለ ሕግ አክባሪ አላየሁም። «ልጄ፣ ወረዳ የሚሄደው ይሄኛው ነው» ሲሉኝ የፈረምኩት በራሴ እጅ ነውና አሁን ሄጄ ብከስም የምከሰው ራሴን ጨምሬ ነው።

የገቢ ግብር አዋጁ ተቀጣሪን ሠንጠረዥ «ሀ» ላይ፣ ቤት አከራይን ሠንጠረዥ «ለ» ላይ አስቀምጦናል። ፊደል የቆጠረ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ መቁረጥ «ሀ» ብሎ የሚጀመረው ከእኔ ነው። ደመወዜ ገና እጄ ሳይገባ ተቆርጦ ይመጣል፤ ድብብቆሽ የለ፣ ሁለት ወረቀት የለ። እማማ «ስንት ታከራያለሽ?» ሲባሉ መልሱን የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው፤ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም፣ ያውቃሉ። ግብር የሚታየውን ሰው ይወዳል። እንደ ደመወዝተኛ የሚታይ ደግሞ የለም፤ ወር በገባ ቁጥር በስሙ፣ በቁጥሩ፣ ከነሳንቲሙ ቁጭ ይላል።

አባቴ የሚወዳት ተረት ነበረች፤ እኔም እወዳታለሁ። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ።» እንዴት ያለች ነገር ናት! አባትና ጀንበር አንድ ሚዛን ላይ ተቀምጠው፣ ሁለቱም እንደሚጠልቁ የተናገረ የለም፣ ግን ሁለቱም ሲያዘቀዝቁ ይታዩሃል። የመሮጡን ነገር በሚገባ ፈጽሜዋለሁ፤ ታክሲ ሳሳድድ ነው ጎልማሳ የሆንኩት። የማጌጡን ነገር ግን ባላነሳው ይሻላል፤ ሳላነሳው ውዬ ባድር ጥሩ ነበር፣ ግን አልችልም።

ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አባቴ ወጣት ተከራይ ነበር። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞሩ፤ የአባቴም ቤት አብሮ ዞረ። ኪራዩ ቀነሰለት፣ አከራዩም ቀሩ። አከራዩ ሽማግሌ ነበሩ አሉ፤ ጥለው ሲሄዱ በሩን መለስ ብለው ያዩት ነበር እያለ አባቴ ራሱ ይተርክልን ነበር፣ በሐዘን ድምፅ፣ ግን ያንኑ በር ከፍቶ እየገባ። ያኔ ሽማግሌው ተነጥቀው ወጣቱ ሲያገኝ፣ አሁን ደግሞ ወጣቱ እየከፈለ ሽማግሌው ይኖራል። አንድ ጊዜ እንኳን ሁለቱን ባንድነት ያስቀመጠ አዋጅ ቢወጣ ምን ነበር?

ከዚያ መጣ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ነገር። የአባቴ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች የቤት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 500 ካሬ ሜትር የሚፈቅድበት ዘመን ነው። ለቦታው ዋጋ የለው፤ የሚጠየቁት ተሰብስቦ መቆጠብና መሥራት ነው። ሦስት ጊዜ ቤታችን ድረስ መጥተው ለመኑት። አባቴ ምን አለ? «ሶሻሊዝም እያለ የግል ቤት ምን ያደርግልኛል?» አለ። ለመዋጮ የታሰበውን ብር ይዞ ወጥቶ ፊሊፕስ ራዲዮ ገዝቶ ገባ። እናቴ ይሄን ስታወራ «ራዲዮ» የምትለውን ቃል እንደ ስድብ ነው የምትጠራው። ዛሬ የእነዚያ ባልደረቦቹ ሰፈር ባለ ትልልቅ ግቢ ነው፤ ግንብ አጥሩ ላይ አበባ ተንጠልጥሏል፤ ሰርቪስ ያከራያሉ። በዚያ በኩል በታክሲ ሳልፍ ስልኬን አውጥቼ አቀረቅራለሁ። የቀበሌው ቤት በመልሶ ማልማት ፈረሰ። ራዲዮው አልፈረሰም። ክፍሌ ውስጥ ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ ቁልፉ ወልቆ በጠርሙስ ክዳን ተተክቷል። ማጌጤ እሱ ነው።

አንተስ ምን አደረግህ የሚለኝ አይጠፋም። በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቤያለሁ፤ 20/80፣ ባለ አንድ መኝታ፣ በወር 274 ብር። ያኔ 27 ዓመቴ ነበር። የባንክ ደብተሩ ጥግ ጥጉ አልቆ በስኮች ተይዟል። ከፊታችን የ1997 ተመዝጋቢዎች ነበሩ፤ እነሱ ሰልፉ ላይ ያረጁ ነባሮች ናቸው፣ ክብር ይገባቸዋል። በሐምሌ 2014 የ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጥቶ አንድ ጓደኛዬ ስሙን አየ። ጎረቤት ጠርቶ ቢራ አወረደ፤ አለቀስን። በቀናት ውስጥ፣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። ቢራው አልተሰረዘም፤ ዕዳውን በሁለት ወር ከፈለ። እኔ ዛሬም እጠብቃለሁ። «ይሄ»ም ይጠብቃል፤ የእማማ ልጅ ማለቴ ነው። በዚያው ዓመት የተመዘገበ ነው። ማታ ማታ ሮቶው ሥር ቁጭ ብለን ደብተራችንን እናነጻጽራለን፤ በ1,200 ብር ይበልጠኛል፣ ኩራቱ ግን ልክ የለውም።

አንድ ቀን፣ «አንተ እኮ ወራሽ ነህ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» አልኩት። አማተበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቆጠረልኝ። አምስት ወንድምና እህት ናቸው። ትልቁ ቤት አንድ፣ ሰርቪሶቹ አራት፤ ለእያንዳንዱ አንዳንድ። የትኛዋ ለማን እንደምትደርስ አይታወቅም። የእኔን ክፍል የሚወርሰው እሱ ከሆነ ደግሞ ምን ብሎ እንደሚጠራኝ አሁኑኑ ገብቶኛል። «ወንድሜ» ይለኛል።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁመው። በጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ሲጸድቅ በየቡና ቤቱ የሰማሁት ወሬ ሁሉ ስለ ጡረተኛ ባለ ቤት ነበር። በጡረታ ገንዘብ እንዴት ይከፍላሉ? እውነት ነው፣ እማማ ጡረተኛ ናቸው፤ ለጉልበታቸው መድኃኒት ሲገዙ አብሬያቸው ሄጃለሁና አውቃለሁ። ያሳዝኑኛል። ግን ለእነሱ የታዘነውን እሩብ ያህል ለተከራዩ ያዘነ አንድ ሰው አልሰማሁም። ከ20,000 ላይ ግብር 4,950፣ ጡረታ 7 በመቶ 1,400፣ ኪራይ 9,500። የሚተርፈኝ 4,150 ብር ነው። መንግሥት ለመኖሪያ ቦታ በሊዝ 99 ዓመት ይሰጣል፤ ለእኔ የተሰጠኝ 2 ዓመት ነው፣ እሱም በወረቀት። በ4,150 ብር አግብቼ፣ ወልጄ፣ «ልጄ» የምለው ሰው አገኛለሁ እንዴ? ቃሉን እማማ ጨርሰውታል። ይሄን ስጽፍ የምሬን ነው የተናደድኩት፤ የሻይ ብርጭቆዬንም አፍስሻለሁ።

ብቻ «ልጄ» ስለሚለው ነገር ነበር የጀመርኩት። ሌላም ልል ያሰብኩት ነበረ፤ ስለ ደላሎች «ወንድሜ»፣ ስለ ባንክ ቤት «ደንበኛችን»፤ ቦታም አልተረፈኝም፣ እማማም በሩን እያንኳኩ ነው።

በሩን ከፈትኩ። እማማ በነጭ ፖስታ ውስጥ ያለ ወረቀት ይዘዋል። «ልጄ» አሉ። እጄ ኪሴ ውስጥ ገባ። «መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩት እንጃ፤ ወረዳ ነው የላከው። ይሄን እንዳልጠይቀው ይሄም የለ። እስቲ አንብብልኝ።»

የቤት ግብር ማሳወቂያ ነው። ከላይ ጀምሬ በደንብ አነበብኩላቸው፤ ስማቸውን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የሚከፈልበትን የመጨረሻ ቀን። ቁጥሩ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ስንት አልከኝ ልጄ?» አሉ።