መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?

በእኛ ግቢ የአዋቂ ሰው በሽታ ሦስት ብቻ ነው፤ ጨጓራ፣ ምች እና ነርቭ። ከሦስቱ ያፈነገጠ ሲመጣ «የሰው ዓይን ነው» ተብሎ ይዘጋል። የእህቴ የሜዲካል ሰርጂካል ነርሲንግ፣ ማለትም የአዋቂዎች የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ነርሲንግ፣ መጽሐፍ ግን ትራስ ያህላል። ልብ ለብቻው፣ ሳንባ ለብቻው፣ ኩላሊት ለብቻው፣ ቃጠሎ ለብቻው። አከራያችን እትዬ አንድ ቀን ገለጥ ገለጥ አደረጉትና «ይኼን ሁሉ በሽታ ማን አመጣው?» አሉ።

እህቴ በዲፕሎማ ስትሠራ ቆይታ ዲግሪዋን እየጨረሰች ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ስለዚህ ክለሳ ላይ ነች። ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር፣ ተከራይ በበዛበት ግቢ፣ ብቻውን የሚከልስ ሰው የለም። ቡና ሲፈላ እኔ ጥያቄ አነባለሁ። እሷ አፏን ሳትከፍት ግቢው መልሶ ይጨርሳል።

ጥያቄዎቹ ደግሞ ተንኮለኛ ናቸው። አንዳንዴ አራቱም ምርጫ ልክ ነው። የሚፈለገው «ነርሷ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች?» የሚለው ነው። እህቴ እንደምትለው ግራ ሲገባሽ በሽተኛውን ማየት ይቀድማል። መተንፈሻው ክፍት ነው ወይ? ይተነፍሳል ወይ? ደሙስ ይዘዋወራል ወይ? እኛ ጋ የሚቀድመው ስልክ ነው። ከቅርብ ዘመድ አንሥቶ ቱላ እስካለችው አክስት ድረስ ይደወላል። በሽተኛውን የሚያየው ሰው የሚገኘው ሁሉም ተሰብስቦ አልቅሶ ሲያበቃ ነው።

«አንድ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ እየተንቀጠቀጠ ነው» ብዬ አነበብኩ።

«ክብሪት!» አሉ እትዬ፣ ምርጫዎቹን ሳይሰሙ።

«ጥርሱ መሀል ማንኪያ» አሉ ጋሼ፣ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን።

እህቴ በትዕግሥት አስረዳች። ክብሪት የለም። አፉ ውስጥ ምንም አይገባም። ሰውየው በጎኑ ይደረጋል፣ የሚጎዳው ነገር ከአጠገቡ ይነሣል፣ በጉልበት አይያዝም፣ ሰዓት ይታያል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ነገሩ ድንገተኛ ነው።

«ሰው ወድቆ ሰዓት ታያለች!» አሉ ጋሼ። እሳቸው እንደሚያውቁት ነርስ ሰዓት የምታየው ተረኛዋ ስትዘገይባት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የ55 ዓመት ሰው መጣ። ደረቱን ጨምድዶ ይዞታል፣ ሕመሙ ወደ ግራ እጁ ይወርዳል፣ ላብ አጥምቆታል። ግቢው በአንድ ድምፅ «ጨጓራ» አለ። ተልባ ታዘዘለት። እህቴ ይኼ ልብ ነው አለች፤ ሆስፒታል በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ምርመራ፣ መነሣት አለበት። ጋሼ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «ግራ እጅ ነው ያልሽው?» ብለው የራሳቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ ግፊታቸውን ለማስለካት በራችን ላይ ቆመው ነበር።

የክለሳው ትልቁ ጣጣ ይኼ ነው። የተነበበው በሽታ ሁሉ ግቢው ውስጥ ይገባል። የስኳር ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ውኃ የማይጠማው፣ ሌሊት ለሽንት የማይነሣ ጠፋ። ግማሾቹ ማታ ሁለት ሁለት ቢራ እንደጠጡ የሚያስታውስ የለም።

ያልሳቅኩት ስብራት ላይ ነው። ባጃጅ በበዛበት ከተማ ስብራት የሩቅ ወሬ አይደለም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው፤ እጃቸው የተባረከ ወጌሾች እንዳሉም አልክድም። ነገር ግን እህቴ ከደጋገመቻቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው፦ እጁ ወይም እግሩ በጥብቅ ታስሮ ሕመሙ በማስታገሻ ካልበረደ፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋቸው ከባሰበት፣ ከደነዘዘው ወይም ከገረጣ፣ ደም እየተቋረጠ ሊሆን ይችላል። ማሰሪያው ይላላል፣ በፍጥነት ሆስፒታል ይሄዳል፤ ሰዓታት እግር ያስቆርጣሉ። እትዬ ምን አሉ? «ካመመው እየያዘለት ነው።» ይህን አባባል ስንት ሰው አምኖበት ይሆን አልኩ በሆዴ።

ወደ ኩላሊት አለፍን።

«በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን 6.5 የደረሰ የኩላሊት ሕመምተኛ የትኛውን ምግብ መተው አለበት?» ትክክለኛው ልክ ከ3.5 እስከ 5 ነው፤ ሲበዛ ልብን ያስቆማል። ግቢው ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጣ። እህቴ «ሙዝ» አለች።

ሁሉም ዞሮ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል አየ። በነጋታው ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) የሚያደርገውን ጎረቤታችንን ልንጠይቅ ተዋጥተን የገዛነው የአርባ ምንጭ ሙዝ ነው።

«ብርቱካን እንለውጠው» አሉ እትዬ።

«እሱም ፖታሲየም አለው።»

«አቮካዶስ? ከጓሮ ነው፣ ንጹሕ ነው።»

«እሱ ይብሳል እትዬ።»

«እሺ የድንች ሾርባ?»

እህቴ ራሷን ነቀነቀች። እትዬ ስኒውን አስቀመጡ። «ታዲያ ኩላሊት የታመመ ሰው በምን ይጠየቃል? ባዶ እጃችንን አጨብጭበን እንግባ?»

«አፕል ይሻለዋል፤ እሱም በልኩ።»

«የአፕልን ዋጋ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሙዙን ይዘን እንሄዳለን» አሉ። «ለአስታማሚዋ እንሰጣለን። እኛም ባዶ እጃችንን አልገባንም፣ እሱም አልበላ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምርጫው ውስጥ አለ?»

የለም አልኳቸው።

«እንግዲያው ፈተናውን ያወጣው ሰው በሽተኛ ጠይቆ አያውቅም» አሉ፣ ሦስተኛውን ስኒ እየተቀበሉ።