ብረት ያለበትን ብሉ ብላክ ከመዝገብ ማስወጣት ስሕተት ነው

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሰሞኑን ለሠራተኞቹ በበተነው ሰርኩላር ቃለ ጉባኤ፣ የመዝገብ ጽሑፍና ፊርማ ከእንግዲህ ወዲህ በእስክሪብቶ ብቻ እንዲሆኑ አዝዟል። የቀረበው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ የፋውንቴን ፔን ቀለም በውኃ ስለሚለቅ ለሰነድ አይታመንም የሚል። ጉዳዩን የሰሙ ብዙ ሰዎች እንደ ትንሽ ነገር ቆጥረው አልፈውታል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። የይዞታን፣ የውርስን፣ የልደትንና የጋብቻን ማስረጃ በወረቀት ላይ በምናኖርበት አገር፣ ሰነዱ የተጻፈበት ቀለም ከሰነዱ ይዘት ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ስለዚህም ስለ ቀለም ትእዛዝ የሚያወጣ ክፍል ቢያንስ ሁለት ዓይነት ቀለም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ውኃ አፍስሶባቸው ማየት ነበረበት። ይህን አድርጎ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ሰርኩላር ሊፈርም አይችልም።

ሰርኩላሩ የሚሳሳተው የፋውንቴን ፔን ቀለምን ሁሉ አንድ አድርጎ በመቁጠሩ ነው። የጀርመኑ ቀለም አምራች ፔሊካን የሚሠራው 4001 ሮያል ብሉ ታስቦበት የሚታጠብ ቀለም ነው፤ የአውሮፓ ተማሪዎች ሲሳሳቱ በልዩ ማጥፊያ እንዲያጠፉት፣ ልብስ ላይ ሲፈስም በቀላሉ እንዲለቅ ሆኖ የተዘጋጀ። ይህን ቀለም በመዝገብ ላይ ጻፉበት ያለ ሰው የለም። ከእሱ ተነሥቶ በብልቃጥ የሚሸጥ ቀለም ሁሉ በውኃ ይለቃል ማለት ግን፣ ጠላ ስለሚኮመጥጥ ማርም ይኮመጥጣል እንደ ማለት ነው። ከሁሉም የሚያሳዝነው፣ ክልከላው በአንድ ብዕር ጠቅልሎ ያስወጣው ቀለም፣ መጥፋትን ለመቋቋም ሲባል የተሠራው፣ በውስጡ ብረት ያለበት ሰማያዊ ጥቁር ቀለም፣ ብሉ ብላክ መሆኑ ነው።

ሄንሪ ስቲቨንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ለንደን ውስጥ ብሉ ብላክ የመጻፊያ ቀለሙን ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1832 ነው። አሠራሩ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ነፍሳት በባሉጥ ዛፍ ላይ እንቁላል ሲጥሉ ከሚፈጠረው እባጭ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣል፤ ታኒኑ ከብረት ሰልፌት ጋር በውኃ ውስጥ ሲገናኝ፣ አየር እስካልበዛበት ድረስ፣ እጅግ የሳሳና ለዓይን የማይታይ ያህል የሆነ ፈሳሽ ይሰጣል። ጸሐፊው የሚጽፈውን ማየት ስላለበት ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል። ፈሳሹ ወደ ወረቀቱ ቃጫዎች ከሰረገ በኋላ አየር ሲያገኘው ግን ብረቱ በኦክስጅን ይለወጥና ከታኒኑ ጋር ውኃ የማያሟሟው ጥቁር ውሕድ ይሠራል። በሚጻፍበት ሰዓት የሚታየው ሰማያዊው ነው፤ ከዓመታት በኋላ የሚነበበው ደግሞ ጥቁሩ ነው። ጥዋት የጻፉትን ገጽ ማታ ሲገልጡት ጠቁሮ ማግኘት ከዚህ የመጣ ነው፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ገና ሥራውን እየሠራ ነበርና።

ይህን የሚያውቁ መንግሥታት ቀለምን በዘፈቀደ አልተዉትም። በእንግሊዝ አገር የልደት፣ የሞትና የጋብቻ መዝጋቢዎች ለብዙ ትውልድ የጻፉት በዚሁ ዓይነት ቀለም ነው፤ በሊቨርፑል የቆየው ዳያሚን የተባለ አምራች ዛሬም የመዝጋቢዎች ቀለም ብሎ ይሸጠዋል። የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ቢሮ በበኩሉ ለመንግሥት ቀለም ቀመር አውጥቶ ነበር፤ ለቋሚ መዝገብ በሊትር 30 ግራም የብረት ሰልፌት፣ ለዕለት ጽሕፈት ግን የዚያን ግማሽ፣ 15 ግራም። እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ነጥብ ይህ ነው። ጉዳዩን በግራም የመዘኑ ሰዎች የዕለት ጽሕፈትን ከመዝገብ ለይተው ሲያዩ እንኳ ብረቱን ቀነሱት እንጂ አላወጡትም። ለዕለት ሥራ የሚሆን ቀለም ማለት ለብዕሩ የሚለሰልስ፣ ለወረቀቱ የማይከብድ፣ ነገር ግን የማይጠፋ ነው ብለው ስለ ወሰኑ ነው። የእኛ ሰርኩላር ግን መለኪያም፣ ሙከራም፣ ልዩነትም ሳያስቀምጥ የመጻፊያውን ዓይነት ብቻ ቆጥሮ ፈረደ።

እንግዲህ ብሉ ብላክ ለዕለት ጽሕፈት ይሆን እንደሆነ እንዴት ይመዘናል? ቀለም የሚገመግሙ ሰዎች ውድና ልሙጥ የጃፓን ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጽፈው፣ የቀለሙን አንጸባራቂነትና የጥላውን መለዋወጥ አድንቀው ፍርድ ይሰጣሉ። እንዲህ ያለው ፍርድ ለእኛ ምንም አይጠቅምም። የእኛ ወረቀት የተማሪ ደብተር፣ የፎቶ ኮፒ ወረቀትና ስስ የመዝገብ ቅጠል ነው። መመዘኛውም እዚያው ላይ መሆን አለበት። አንድ ዓረፍተ ነገር በደብተር ላይ ይጻፍ፤ ጠርዙ ይሰራጫል ወይስ ይቆማል? ገጹ ይገልበጥ፤ ቀለሙ አልፎ ከጀርባው መጻፍ ይከለክላል ወይስ አይከለክልም? ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይና ወረቀቱ ከቧንቧ ሥር ይያዝ። ሌላው ቁራጭ አልኮል ይንካው፤ ሦስተኛው ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ይለጠፍና ግማሹ በወፍራም ካርቶን ይሸፈን። ይህን ለማድረግ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከሥራው ሳይነሣ ሊያደርገው ይችላል።

ብረት ያለባቸው ብሉ ብላኮች በዚህ ፈተና የሚያሳዩት ባሕርይ የታወቀ ነው። ፔሊካን 4001 ብሉ ብላክ አወራረዱ ቆጣቢ ነው፤ ቀለም አብዝቶ ስለማያፈስ በመናኛ ወረቀት ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወደ ጀርባውም እምብዛም አያልፍም። የጃፓኑ ፕላቲነም ብሉ ብላክም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ውኃ ሲነካቸው ሰማያዊው እየለቀቀ ይሄዳል፤ ሰርኩላሩን ያረቀቀው ሰው አንድ ጊዜ አይቶ የደነገጠው ምናልባት ይህንኑ ይሆናል። ነገር ግን ሰማያዊው ከሄደ በኋላ ግራጫ ጥቁር መስመር ቁልጭ ብሎ ይቀራል፤ ፊደሉም፣ ፊርማውም፣ ቁጥሩም ይነበባል። ሰነድ ከቀለም የሚፈልገው ይህን ነው። ውበቱ ቢጎድል ማንም ፍርድ ቤት አይከሰስም፤ ቁጥሩ ቢጠፋ ግን ባለጉዳዩ መብቱን ያጣል።

አሁን ደግሞ ታማኝ ነው ወደ ተባለው እስክሪብቶ እንምጣ። ውኃ አያስለቅቀውም፤ ይህ እውነት ነው፣ ቀለሙ ዘይታማ ነውና። ነገር ግን ሰነድ የሚያጭበረብር ሰው በውኃ አይሠራም። ልጇ ዩኒፎርም ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ያፈሰሰባት እናት ሁሉ የምታውቀውን ነገር አጭበርባሪም ያውቀዋል፤ ተራ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮልና በአሴቶን ይሟሟል። በአሜሪካ የቼክ ሌቦች የተጻፈውን ስምና የገንዘብ መጠን አጥበው ሌላ የሚጽፉበት የታወቀ ዘዴያቸው ይኸው ነው። ብረት ያለበትን ብሉ ብላክ እነዚህ ፈሳሾች አያነሡትም። በጠንካራ ማንጫ ተዋግተው ጥቁሩን ቢያደበዝዙት እንኳ ብረቱ በወረቀቱ ውስጥ የሚቀር በመሆኑ የወንጀል ምርመራ ባለሙያ በኬሚካል መልሶ ሊያነበው የሚችልበት ዕድል አለ። ታዲያ የትኛው ነው ለሰነድ የማይታመነው? ከሁለቱ አንዱን ማገድ ግድ ቢሆን ኖሮ መታገድ የነበረበት ከመደብር እየተገዛ ምንነቱ ሳይጠየቅ በየጠረጴዛው የሚበተነው ርካሽ እስክሪብቶ ነበር።

እስክሪብቶም ቢሆን ሁሉ አንድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለሰነድ የሚሆኑ እስክሪብቶዎችን የሚለይበት አይሶ 12757-2 የተባለ ደረጃ አለ፤ ቀለሙ በውኃ፣ በኤታኖል፣ በአሲድ፣ በማንጫና በብርሃን ይፈተናል። ሰርኩላሩ ስለ ሰነድ ደኅንነት ከልቡ ቢያስብ ኖሮ ይህን ደረጃ ይጠቅስ ነበር። አልጠቀሰም። እስክሪብቶ ይሁን አለ፤ የትኛው እስክሪብቶ እንደሆነ አልተናገረም። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰነድን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የግዥ ክፍሉን ምቾት ብቻ ነው።

ብረት ያለበት ቀለም ብዕር ይበላል፣ ወረቀት ያቃጥላል የሚሉም አሉ። ማስረጃ አድርገው የሚያመጡት የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን ጽሑፎች ነው፤ በእርግጥም ባኽ በገዛ እጁ የጻፋቸው ገጾች ላይ ቀለሙ ወረቀቱን በልቶታል። ያ ግን በዘመኑ በየቤቱ በግምት የሚቀመም፣ ብረቱና አሲዱ ከልክ ያለፈ ቀለም ነበር። ዛሬ ለፋውንቴን ፔን ተብሎ የሚሸጠው የሳሳና ተመጥኖ የተሠራ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማስፈራራት አንባቢን ማሳሳት ነው። ስለ ብዕሩም ቢሆን፣ ወርቅና የማይዝግ ብረት ጫፍ ይህን ቀለም ይችሉታል። ቀለሙን በብዕር ውስጥ አድርቆ ለወራት መተው አይገባም፤ በየጊዜው በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ከሌላ ቀለም ጋር አለመቀላቀል፣ ብልቃጡን ከፍቶ አለማቆየት ያስፈልጋል። ይህ ቅድመ ጥንቃቄ ለማንም መዝጋቢ ከባድ አይደለም። በካርቦን የሚባዛ ደረሰኝ ላይ እስክሪብቶ የግድ እንደሆነም እቀበላለሁ፤ ፋውንቴን ፔን ተጭነው የሚጽፉበት ዕቃ አይደለም። መዝገብና ቃለ ጉባኤ ግን ደረሰኝ አይደሉም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ብልቃጡ ላይ ብሉ ብላክ የሚል ጽሑፍ ስላለ ብቻ ውስጡ ብረት አለ ማለት አይቻልም። የጀርመኑ ላሚ ብሉ ብላኩን ቀድሞ በብረት ይሠራው ነበር፤ በኋላ ብረቱን አወጣና በተመሳሳይ ስም መሸጡን ቀጠለ። ሞንብላንም በሌሊት ሰማያዊ ቀለሙ ላይ እንዲሁ አደረገ። የፓርከር ኩዊንክ ብሉ ብላክ ከዓመታት በኋላ ወደ አረንጓዴነት ያደላል። የፓይለት ብሉ ብላክ ብረት ባይኖረውም ከውኃ በኋላ የሚነበብ መስመር ይተዋል፤ ለማስታወሻ ደብተር ጥሩ ነው፣ ለመዝገብ ግን ብረት ያለበትን እመርጣለሁ። አምራቾቹ ስሙን ይዘው ምንነቱን ሲለውጡ ገዢው እንዲያውቅ በጉልህ መጻፍ ነበረባቸው። ለሠላሳ ዓመት በአንድ ቀለም መዝገብ የጻፈ ሰው በሠላሳ አንደኛው ዓመት ሳያውቅ በሚታጠብ ቀለም ሲጽፍ የሚጎዳው እሱ ሳይሆን ስሙ በመዝገቡ የሰፈረው ባለጉዳይ ነው።

በዚህ አገር ስለ ቀለም ዕድሜ ማሰብ አዲስ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፍት ጥቀርሻን መሠረት አድርገው የሚያዘጋጁት ጥቁር ቀለም ለመቶዎች ዓመታት ሳይደበዝዝ ቆይቷል፤ ካርቦን ብርሃንም ሆነ ውኃ አይለውጠውምና። ያንን ቀለም ፋውንቴን ፔን ውስጥ መሙላት አይቻልም፣ ቧንቧውን ይደፍነዋል። ነገር ግን ጸሐፊው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀለሙ ስንት ዘመን ይቆያል የሚለው ነበር። ይህ ጥያቄ ከዛሬው ሰርኩላር ውስጥ ጨርሶ ጠፍቷል።

አንድ ተጨማሪ የዕለት ጥቅም አለ። መሥሪያ ቤቶች ሰማያዊ ቀለም የሚወዱት ዋናው ሰነድ ከፎቶ ኮፒው እንዲለይ ነው፤ ፈዛዛ ሰማያዊ ግን ኮፒ ሲደረግ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይወጣም። ብሉ ብላክ በኮፒ ላይ ጠቁሮ ይወጣል፤ በዋናው ላይ ደግሞ ከማተሚያ ጥቁር ጋር አይምታታም። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው እጅም ይቀልለዋል፤ ቀለሙ ብዕሩን ሳይጫኑት ይወርዳልና።

ሰርኩላሩ ይሻርና በምትኩ ይህ ይጻፍ፦ ለመዝገብ፣ ለቃለ ጉባኤና ለፊርማ የሚገዛ ማንኛውም ቀለም፣ የእስክሪብቶም ይሁን የፋውንቴን ፔን፣ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከአንድ ቀን በኋላ በውኃና በአልኮል ይፈተን፤ ፊደሉ ከሁለቱም በኋላ የሚነበበው ብቻ ይገዛ፤ የተፈተነበት ወረቀትም ከግዥ ሰነዱ ጋር ይያያዝ።