ክሬዲቴን ማን በላው?

«ካልኩለስ 2 ተቀባይነት አግኝቷል፤ በምርጫ ኮርስነት።» ከተዛወርኩበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የዛሬ ኢሜይል ነው። እልል በሉ! ኢንጂነሪንግ ለሚማር ሰው ካልኩለስ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆነለት። ተቀብለውታል፣ ግን እንደገና ውሰድ። ታዲያ ምኑን ነው የተቀበሉት?

መጀመሪያ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ፣ ስገባ «60 ክሬዲት እዚህ ጨርስ፣ ቀሪውን 60 ዩኒቨርሲቲ፤ በርካሽ ትወጣለህ» ያላለኝ አበሻ የለም። ማታ ፓርኪንግ እየሠራሁ፣ ቀን ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እየታገልኩ ጨረስኩ። አሁን ደግሞ የዚያን ጊዜውን የኮርስ ዝርዝር (syllabus) አምጣ! መምህሩ ሥራ ለቋል፤ ከየት ልውለደው? ኢንተግራሉ ያው ኢንተግራል ነው። ወተት ነው እንዴ፣ መንገድ ላይ የሚበላሸው?

አድቫይዘሩ ወደ ሬጅስትራር ይልከኛል። ሬጅስትራሩ ወደ ዲፓርትመንት። ዲፓርትመንቱ? «አድቫይዘርህን አናግር።» ፈገግታቸው ግን አይጓደልም፤ መልካም ቀን ሁሉ ይመኙልኛል።

ፔል ግራንቱ፣ የመንግሥት የትምህርት ድጎማው፣ እንደሆነ በዕድሜ ልክ 12 ሴሚስተር ነው፤ የደገምኩትም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። እናቴ በየሳምንቱ ደውላ «ምርቃቱ መቼ ነው ልጄ?» ትላለች። ምን ልበላት?

ኧረ ረስቼው፣ አንድ ኮርስ ያለ ምንም ጥያቄ ሙሉ ለሙሉ አልፎልኛል። ዮጋ።