«መክፈል አቁም» የሚል መካሪ

ሰሞኑን አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም በማይርቅ አንድ ቡና ቤት ውስጥ የተነሳ ክርክር ነው። ጉዳዩ የአንዲት ወዳጃችን ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የክሬዲት ካርድ ዕዳው በሦስት ባንኮች ተቆልሎበት ከወለዱ ፈቀቅ ማለት ሲያቅተው አንድ ድርጅት ደወለለት። «ዕዳህን በግማሽ እናስቀንስልሃለን፤ ለባንኮቹ መክፈልህን አቁምና በየወሩ ለእኛ አስገባ» አሉት። ወዳጃችን ውሉን በቴሌግራም ልኮላት ስለነበር ከስልኳ ላይ አነበበችልን። ከታች በደቃቅ ፊደል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገንዘብ የአገልግሎት ክፍያ እንደሆነ ይናገራል።

«ይፈርም እንጂ!» አለ የሒሳብ ባለሙያው። «ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው ብለሻል። ታዲያ ምን ብሎ ያጭበረብረዋል?»

ከባንክ በጡረታ የወጡት አዛውንት ስኒያቸውን አስቀመጡ። «መክፈል አቁም የሚል መካሪ አለ እንዴ፣ ልጄ? እሱ ቢያቆም ወለዱና ቅጣቱ አይቆሙም። ባንኩ የመደራደር ግዴታ የለበትም፤ ሊከሰው ይችላል። ቢሳካለት እንኳ የተሰረዘለት ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊያስከፍለው ይችላል። ከድጡ ወደ ማጡ ነው!»

«እሺ ጋሼ፣ ምን ያድርግ ይላሉ?»

«ራሱ ለባንኮቹ ይደውል። መካሪ ነን ባዮች ሁሉም አንድ ናቸው።»

ወዳጃችን ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ሌት ተቀን ነው የሚሠራው። ሲደውል ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ያንከራትቱታል። የሚያግዘው ሰው ያስፈልገዋል። እኔ የጠየቅኋችሁ ማን ይታመናል ብዬ ነው!»

«ዕቁብ ስንገባ እንኳ ሰብሳቢው ማን ነው እንላለን» አለ የሒሳብ ባለሙያው ትንሽ ለዘብ ብሎ። «እንግዲያው ይጠይቅ።»

ማንን ይጠይቅ? በእኔ እምነት ሁለቱም ተሳስተዋል። «ለትርፍ ያልቆመ» መባል ዋስትና አይሆንም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2003 የከሰሰው አሜሪዴት የተባለ ድርጅት እዚያው ሜሪላንድ ነበር፤ ለትርፍ ያልቆምኩ ነኝ ይል ነበር። ክሱ እንደሚለው ቅድሚያ ክፍያ የለብኝም እያለ፣ ደንበኞቹ ለአበዳሪዎቻቸው ይደርሳል ብለው የላኩትን የመጀመሪያ ገንዘብ ለራሱ ያስቀር ነበር። በዕዳ የተጨነቀን ሰው እንዲህ ማድረግ ግፍ ነው።

ሁሉም አንድ ናቸው ማለት ደግሞ የተቸገረውን ሰው ብቻውን መተው ነው። ሁነኛ የዕዳ አማካሪ ስለ መፍትሔ ከማውራቱ በፊት ገቢውን፣ የቤት ኪራዩን፣ ለእናቱ የሚልከውን ሳይቀር ይጠይቀዋል፤ ይህ የመጀመሪያው ምክር አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው። ዕዳው በግማሽ ይሰረዝልሃል አይለውም። ከባንኮቹ ጋር ተስማምቶ ወለዱን ያስቀንስለትና ዋናውን ገንዘብ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲከፍል ያደርገዋል፤ ካርዶቹም ብዙውን ጊዜ ይዘጋሉ። ለዚህ በወር አነስተኛ ክፍያ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ያ የደወለለት ድርጅት ግን ውሉ ራሱ ያጋልጠዋል፤ ዕዳ እናስቀንሳለን እያሉ በስልክ የሚሸጡ ድርጅቶች ቢያንስ አንድ ዕዳ ሳያስቀንሱ ክፍያ እንዳይቀበሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ ተከልክለዋል።

ስለዚህ አይፈርም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር፣ ኪሳራ ከማወጃቸው በፊት ሰዎችን እንዲመክሩ የፈቀደላቸውን ድርጅቶች በየግዛቱ ዘርዝሯል፤ ከሜሪላንዱ ዝርዝር ሁለት ሦስቱን ያነጋግርና ክፍያቸውን በጽሑፍ ይጠይቃቸው። የጋሼ ምክር የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዕቅዱን መቀበላቸውን ባንኮቹ ጋር ራሱ ደውሎ እስኪያረጋግጥ ድረስ ለእነሱ መክፈሉን አያቁም።