ባዶው መደብ የት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምዕራብ ጎጃም በሚገኝ አንድ ቀበሌ በተዘጋጀ የመስክ ቀን ላይ ተገኝቼ ነበር። የሚጎበኘው ማሳ አሲዳማነቱ በኖራ የታከመ፣ የተሻሻለ ዘር በመስመር የተዘራበትና ማዳበሪያ በአግባቡ ያገኘ የስንዴ ማሳ ሲሆን፣ ሰብሉ በእውነት ዐይን ይማርክ ነበር። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስለ ኖራ ጥቅም አስረድቶ ሲጨርስ አንድ አዛውንት ገበሬ ተነሡና፣ «ልጄ፣ እዚህ ላይ አምና ምን ተዘርቶበት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ግብጦ መሆኑ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ፤ ጉብኝቱም ወደሚቀጥለው ማሳ አለፈ።

ግብጦ እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች በሥሩ አንጓዎች ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር እየያዘ አፈሩን ያለማል። የደከመ መሬት በግብጦ አርፎ እንደሚያገግምና ከእርሱ በኋላ የሚዘራ እህል እንደሚያምር የጎጃም ገበሬ ከአባቱ የተማረው ነው። ስለዚህ የአዛውንቱ ጥያቄ በሌላ አነጋገር «ይህ ያየነው ውጤት የኖራው ነው ወይስ የግብጦው?» የሚል ነበር። በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ሳይንስ የምለው ይህን ጥያቄ ነው፤ ሆኖም ሊመልሰው የሚችል ነገር በማሳው ላይ አልነበረም። መልሱን ሊሰጥ ይችል የነበረው በዚያው መሬት፣ በዚያው ዘር፣ በዚያው እጅ ተዘርቶ ኖራ ብቻ ያልተጨመረበት አንድ ቁራሽ መደብ ነው፤ ባዶው መደብ ወይም ማነጻጸሪያ የምለው ይህን ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ የሳይንስን ዘዴ ሲጠየቁ «ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ» ብለው እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ሙከራ ማለት ግን ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ «አንድን ነገር ሠርቶ ማየት» ይሉኛል። ይህ ስሕተት የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ በየቀበሌው ሰርቶ ማሳያ ስናዘጋጅ እኛም የምናሳያቸው ይህንኑ ነው። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ልብ እንዲፈርድ ግን ዐይን ሁለት ነገር ማየት አለበት።

ማነጻጸሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የጎጃምን ክረምት ማሰብ ይበቃል። አምና ዝናቡ በነሐሴ አጋማሽ ተቋርጦ ዘንድሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ቢዘልቅ፣ ምንም አዲስ ነገር ያላደረገ ገበሬም ዘንድሮ የተሻለ ያፍሳል። በዚህ ዓመት ኖራ የጨመረ ሰው ምርቱን ከአምናው ጋር ቢያነጻጽር ያነጻጸረው ኖራን ከኖራ አልባ ጋር ሳይሆን አንዱን ክረምት ከሌላው ክረምት ጋር ነው። ከጎረቤቱ ማሳ ጋር ቢያነጻጽር ደግሞ የጎረቤቱ በሬ፣ የአረም ጊዜውና የመሬቱ ተዳፋትነት ሁሉ አብረው ይመዘናሉ። በዚያ ላይ ለሰርቶ ማሳያ የሚመረጠው ማሳ ብዙ ጊዜ ለመንገድ የቀረበው፣ ባለቤቱም ትጉህ የሚባለው ገበሬ ስለሆነ ምንም ባይጨመርበት እንኳ ከሌላው መብለጡ አይቀርም።

ይህን ችግር በግልጽ አስቦ ከፈቱት ቀደምት ሰዎች አንዱ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ጄምስ ሊንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 ሳልዝበሪ በተባለችው መርከብ ላይ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት በማጣት በሚመጣው ስከርቪ በተባለ በሽታ ከታመሙት መርከበኞች ሕመማቸው የሚመሳሰለውን 12 መረጠ፤ በአንድ ስፍራ አስተኝቶ፣ አንድ ዐይነት ምግብ እየመገበ፣ ሁለት ሁለት አድርጎ ስድስት የተለያዩ መድኃኒቶችን ሰጣቸው። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ቶሎ አገገሙ። እኔን የሚያስደንቀኝ የሎሚው ነገር አይደለም፤ የቀሩትን ሁኔታዎች ሁሉ አንድ አድርጎ ልዩነቱን በሕክምናው ላይ ብቻ መተዉ ነው።

የእርሻው ታሪክ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በእንግሊዝ አገር በሮተምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ስንዴ የሚዘራበት ብሮድባልክ የሚባል ማሳ አለ። በዚህ ማሳ ውስጥ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ፍግም ማዳበሪያም ያልነካው አንድ መደብ እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ ይመዘናል። በእኛ የመስክ ቀን ቢሆን ያ መደብ ለእንግዳ የሚያሳፍር ተብሎ በመጀመሪያው ዓመት በታረሰ ነበር። እነርሱ ግን ከ180 ዓመታት በላይ ጠበቁት፤ ምክንያቱም የሌሎቹ መደቦች ምርት ትርጉም የሚያገኘው ከእርሱ አጠገብ ሲቆም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1919 ወደዚሁ ጣቢያ የመጣው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ደግሞ ማነጻጸሪያ ብቻውን እንደማይበቃ አሳየ። ማሳ ወጥ አይደለም። በቾቄ ተራራ ግርጌ ያለን ቀይ አፈር ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከተዳፋቱ ላይ የታጠበው ለም አፈር ከታች ይከማቻል፤ ለቤት የቀረበው ጠርዝም አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረ ነው። ባለሙያው በራሱ ምርጫ ኖራውን የት እንደሚበትን ከወሰነ፣ ሳያስበውም ቢሆን ጥሩውን ቦታ ለኖራው ሊሰጥ ይችላል። የፊሸር መፍትሔ ማሳውን ተመሳሳይ አፈር ባላቸው ክፍሎች ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የትኛው መደብ ምን እንደሚደርሰው በዕጣ መወሰን፣ ይህንኑም በብዙ ክፍሎች መድገም ነበር። ዕጣ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ መሬት ሲከፋፈል የኖረው፣ እቁብም የሚወጣው በዕጣ ነው፤ ምክንያቱም ዕጣ ለማንም አያደላም። በሙከራ ውስጥም የምንፈልገው ይኸው አለማድላቱ ነው።

ድግግሞሽ ለምን እንደሚያስፈልግ ለተማሪዎቼ የማስረዳው በእንጀራ ነው። ብዙ ሰው ያለ ማዳበሪያ የበቀለ ጤፍ እንጀራውን ቀምሶ መለየት እችላለሁ ይላል። አንዲት እናት እንዲህ ቢሉ ልንጠራጠራቸውም ልናምናቸውም አይገባም፤ ልንፈትን እንችላለን። አንድ የጤፍ ዝርያ በአንድ ዐይነት መሬት ላይ ግማሹ በማዳበሪያ፣ ግማሹ ያለ ማዳበሪያ ይብቀል፤ በአንድ ወፍጮ ይፈጭ፣ በአንድ እርሾ ይቦካ፣ በአንድ ምጣድ ይጋገር። ከዚያ አራት ከዚህ፣ አራት ከዚያ፣ በጠቅላላው ስምንት እንጀራ በዕጣ በወጣ ቅደም ተከተል ይቅረብላቸው፤ ያለ ማዳበሪያ የበቀሉትን አራቱን እንዲለዩም ይጠየቁ፤ የሚያቀርበውም ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይወቅ፤ ካወቀ ፊቱ ይናገራልና። ከስምንት ውስጥ አራት የሚመረጥባቸው መንገዶች 70 ናቸው፤ ስለዚህ ምንም ሳይለዩ በግምት ብቻ አራቱንም የሚያገኙበት ዕድል ከ70 አንድ ነው። አራቱንም ካገኙ አንደበታቸውን ማክበር ተገቢ ነው። ከአራቱ ሦስቱን ቢያገኙ ግን፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ በግምት የሚገኝበት መንገድ ከ70ው 17 ስለሆነ፣ ይህ በአራት ሙከራ አንድ ጊዜ ገደማ በአጋጣሚ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። እናትዬዋን ውሸተኛ አያሰኝም፤ እውነተኛነታቸውንም አያረጋግጥም፤ ተጨማሪ እንጀራ ያስፈልጋል። ይህ አቀራረብ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ በሻይ ስኒ ያስረዳው ነው። አንድ ያማረ ማሳም ከአንድ እንጀራ በላይ አይናገርም።

ሌላው የማይታየን ችግር ፓኬጅ የምንለው ነው። ኖራ፣ ዘር፣ ማዳበሪያና የመስመር አዘራር በአንድ ላይ ሲሰጡ ምርቱ ቢጨምር የትኛው እንደጨመረው አይታወቅም። ገበሬው ግን ለእያንዳንዳቸው ገንዘብም ጉልበትም ይከፍላል፤ ኖራ በሄክታር ብዙ ኩንታል የሚጠይቅ፣ ማጓጓዙም ከባድ የሆነ ነገር ነው። ማዳበሪያና ኖራን ለመፈተን አራት መደብ ይበቃል፦ ሁለቱም የሌሉበት፣ ኖራ ብቻ፣ ማዳበሪያ ብቻ፣ ሁለቱም ያሉበት። በእኛ አፈር አራተኛው መደብ ልዩ ትርጉም አለው። አሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳል፤ በማዳበሪያ የሚጨመረው ፎስፈረስም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። ኖራ ይህን አሲዳማነት ስለሚቀንስ፣ ለየብቻ ሲሰጡ ብዙም ያልጠቀሙ ሁለት ነገሮች አብረው ሲሰጡ ከድምራቸው በላይ ሊጠቅሙ ይችላሉ፤ ይህ የሚታየው ግን አራቱም መደቦች ሲኖሩ ብቻ ነው።

በማሳያ ማሳ ላይ ያየነው ውጤት በገበሬው ማሳ ላይ እንደማይደገም በጤፍ የመስመር አዘራር ደርሶብን አይተናል። አዘራሩ በስፋት ሲተዋወቅ ከሙከራ ማሳዎች በመነሣት የተጠበቀው የምርት ጭማሪ እጅግ ትልቅ ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች ገበሬዎችን በዕጣ ደልድለው ሲለኩት ግን የተገኘው ጭማሪ ከተጠበቀው በጣም ያነሰ ሆነ። አዘራሩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ጤፍ በመስመር ለሚዘራ ቤተሰብ የጉልበቱ ዋጋ በዚያ ጭማሪ ይሸፈናል ወይ የሚለውን ለማስላት እውነተኛው ቁጥር ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የግብርና ባለሙያዎች ለዚህ የሚሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ። ሰርቶ ማሳያ ለማስተማር እንጂ ለመመራመር አይደለም፣ ምርምሩ በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል በዕጣና በድግግሞሽ ተሠርቶ አልቋል ይላሉ። የአዴትን ሥራ አከብራለሁ። ነገር ግን የአዴት አፈር የደጋው የሰከላ ወረዳ አፈር አይደለም፤ የእነማይ ወረዳም ዋልካ አፈር አይደለም። በአዴት የተረጋገጠ ነገር በዚህ ቀበሌ ይሠራል የሚለው ራሱ መላምት ነው፤ መላምት ደግሞ ይፈተናል። ደካማ ሰብል ለእንግዳ ማሳየት ያሳፍራል የሚለውን ያልተነገረ ምክንያትም እረዳለሁ፤ ሆኖም ገበሬውን የሚያሳምነው ከለመለመው አጠገብ የቀጨጨው መታየቱ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በአንድ ቀበሌ ፈቃደኛ የሆኑ አሥር ገበሬዎች እያንዳንዳቸው አንድ ጥማድ የሚሆን ማሳ ከላይ ወደ ታች፣ ተዳፋቱን ተከትለው ለሁለት ይክፈሉት፤ የትኛው ግማሽ ኖራ እንደሚያገኝ በእያንዳንዱ ማሳ ላይ በዕጣ ይወሰን፤ የቀረው ሁሉ አንድ ይሁን። አምና ምን እንደተዘራበት ይመዝገብ። ሲወቃ የሁለቱ ግማሾች እህል ቁጥር ብቻ በተጻፈባቸው ከረጢቶች ገብቶ፣ የትኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ በማያውቅ ሰው ይመዘን። ኖራው ምንም ፋይዳ ባይኖረው ኖሮ በአሥሩም ማሳዎች ላይ ኖራ ያገኘው ግማሽ የሚበልጥበት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው፤ ዘጠኝ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆንበትም ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ለማስላት ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ የእኔ ተማሪዎች በእስክርቢቶ ይሠሩታል፤ ቢጋበዙም በደስታ ይመዝናሉ።

ኖራ ከአፈሩ ጋር ለመዋሐድ ጊዜ ስለሚፈልግ ዕጣው ከዘር ሳምንታት ቀድሞ መውጣት አለበት። ጥቅሙም ከአንድ ክረምት በላይ የሚቆይ በመሆኑ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ መዝኖ መፍረድ ኖራውን መበደል ነው። ስለዚህ ሁለቱን ግማሾች የሚለየው ችካል እስከ ሦስተኛው መኸር ድረስ ከቦታው አይነቀል።